የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሙቀት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ላፕቶፔ 85 ዲግሪ ገባ፤ ሊቃጠል ነው?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። ቪዲዮ ሲያቀናብር ለቆየ ማሽን 85 ደህና ቁጥር ነው። ምንም ፕሮግራም ሳይከፈትበት ለተቀመጠ ማሽን ግን የሕመም ምልክት ነው። ስለዚህ ከታች የሚያገኙትን ቁጥር ሁሉ ከሦስት ነገሮች ጋር አያይዘው ያንብቡት፦ ማሽኑ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራ ነበር? ክፍሉ ምን ያህል ይሞቃል? ከፋኑ የሚወጣው አየርስ መዳፍ ላይ ምን ይመስላል? ዲግሪው ሁሉ በሴንቲግሬድ ነው።

ጤነኛ የሚባለው ሙቀት ስንት ነው?

ክፍሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ተከፍቶ ሥራ የፈታ ላፕቶፕ ከ35 እስከ 50 ባለው ውስጥ ይቆያል። ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ብሮውዘርና ዩቲዩብ ከ45 እስከ 65 ያደርሱታል። አዲስ ገጽ ወይም ፕሮግራም ሲከፈት ለሁለት ለሦስት ሰከንድ 75 ወይም 80 ነክቶ መመለስ የፕሮሰሰር ጠባይ ስለሆነ አያስጨንቅዎ። ጌም፣ አውቶካድ፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግና የማትላብ ረጅም ስሌት ደግሞ ከ75 እስከ 90 ያወጡታል።

ከ90 እስከ 95 ያለው ክልል እንደ ማሽኑ ይለያያል። ቀጭን ወይም ለጌም የተሠራ ላፕቶፕ ከፋብሪካው ሲወጣም በከባድ ሥራ እዚያ ይደርሳል። ወፍራም የቢሮ ላፕቶፕ ግን እዚያ ከደረሰ መጽዳት ይፈልጋል። ከ95 በላይ ለደቂቃዎች የሚቆይ ማሽን የትኛውም ዓይነት ቢሆን መታየት አለበት። ሥራ ፈትቶ 65 ወይም 70 ላይ የሚቀመጥ ላፕቶፕ ደግሞ ጌም ላይ 90 ከሚገባው ይልቅ ያሳስበናል።

ፕሮሰሰሩ የሚችለው ከፍተኛው ሙቀት ስንት ነው?

እያንዳንዱ ፕሮሰሰር አምራቹ የቆረጠለት ጣሪያ አለው። አብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ ኮር አይ5-6300ዩ፣ አይ5-8250ዩ እና አይ5-1135ጂ7፣ ጣሪያቸው 100 ዲግሪ ነው። እንደ አይ5-3320ኤም ያሉ የሦስተኛው ትውልድ ማሽኖች 105 ይደርሳሉ። የኤኤምዲ ራይዘን 5 5500ዩ እና ራይዘን 7 5800ኤች 105 ናቸው። ከአዲሶቹ የኢንቴል ኮር አልትራ 7 155ኤች 110 ነው። የራስዎን ለማወቅ ኮር ቴምፕ የሚባለውን ፕሮግራም ይክፈቱ፤ «ቲጄ ማክስ» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ያለው ቁጥር ጣሪያው ነው።

በከባድ ሥራ ከጣሪያው ቢያንስ 10 ዲግሪ ዝቅ ብሎ፣ ከ95ም ሳያልፍ የሚሠራ ማሽን በሰላም ነው ያለው።

ጣሪያውን ሲነካ ይቃጠላል?

አይቃጠልም። በቅድሚያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህ ትሮትሊንግ ይባላል። በ3.4 ጊጋ ኸርዝ ይሠራ የነበረ ፕሮሰሰር ወደ 2፣ ሲብስም ከ1 ጊጋ ኸርዝ በታች ይወርዳል። ተጠቃሚው የሚያየው ጌሙ ሲቆራረጥ ወይም ስክሪኑ ሲንቀራፈፍ ነው። ፍጥነት መቀነሱም ካልበቃ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ድርግም ብሎ ይጠፋል።

በሙቀት የጠፋ ማሽን መለያ ጠባይ አለው። ወዲያው መልሰው ሲያስነሱት ከበፊቱ ባጠረ ጊዜ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት አርፎ ሲነሳ ግን ደህና ይቆያል። ሙቀቱ ገና 60 ሳለ የሚጠፋ ከሆነ ፋንና ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ላይ ገንዘብ አያውጡ፤ ችግሩ ባትሪው፣ ቻርጀሩ ወይም ቦርዱ ላይ ነው።

ፍጥነት የቀነሰ ሁሉ ግን በሙቀት አይደለም። አይ5-8250ዩ ለረጅም ሥራ የተፈቀደለት ኃይል 15 ዋት ነው። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከዚያ በላይ ይወስድና በፍጥነት ይሠራል፤ ከዚያ ራሱን ወደ 15 ዋት ይመልሳል። ሙቀቱ 72 ላይ እያለ ፍጥነቱ ቢወርድ የኃይል ገደቡ ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

ሙቀቱን በምን ልለካ?

የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የፕሮሰሰር ሙቀት አያሳይም። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ያውርዱና ሲከፈት «ሴንሰርስ ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡ። በኢንቴል ማሽን ማየት ያለብዎት «ሲፒዩ ፓኬጅ» የሚለውን መስመር ነው፤ ሲፒዩ ማለት ፕሮሰሰሩ ነው። አራት ዓምዶች አሉት፦ የአሁኑ፣ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛውና አማካዩ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ከፍተኛውን አይቶ ነው፤ እሱ ግን የአንድ ሰከንድ ብልጭታ ሊሆን ስለሚችል ፍርድዎን በአማካዩ ላይ ያድርጉ። እዚያው «ተርማል ትሮትሊንግ» የሚል መስመር አለ። «የስ» ካለ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ፍጥነት ቀንሷል ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ኤልኤም-ሴንሰርስ የሚባለው ፓኬጅ ያው አገልግሎት ይሰጣል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ፤ ቻርጀር ይሰኩ። ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ዘግተው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩው ከ5 በመቶ በታች መሆኑን አረጋግጠው የእረፍቱን ሙቀት ይመዝግቡ። ይህ ማረጋገጫ የግድ ነው፤ ዊንዶውስ ከጀርባ አፕዴት እያወረደ ወይም አንቲቫይረሱ እየፈተሸ ከሆነ የሚያገኙት ቁጥር የእረፍት አይደለም። ከዚያ ሲኒቤንችን (ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም) ለ10 ደቂቃ ያሂዱና የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ሙቀት ይጻፉ። የክፍሉንም ሙቀት አብረው ይጻፉ። ከጽዳት በፊትና በኋላ የተወሰዱ ሁለት እንዲህ ያሉ ልኬቶች ከማንም ግምት ይበልጣሉ።

ደሴ ብርድ ነው፤ ታዲያ ላፕቶፔ ለምን ይሞቃል?

ብርዱ ይረዳል፤ ከፍታው ግን የረዳውን በከፊል መልሶ ይወስዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ያለው አየር በተመሳሳይ ሙቀት ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋን የሚገፋው በይዘት ስለሆነ በደቂቃ ያንኑ ያህል ሊትር አየር ያሳልፋል፤ በዚያ አየር ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ነገር ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ ያው ማሽን ያንኑ ሥራ ሲሠራ ከባሕር ዳርቻው የበለጠ የጋለ አየር ያስወጣል፤ ፋኑም ቶሎ ይጮኻል።

ለሰርቨር ክፍሎች የሚሠራበት ደንብ ይህንን በቁጥር ያስቀምጠዋል፦ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሱ። በዚህ ስሌት ደሴ ላይ 5 ዲግሪ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለችው ኮምቦልቻ ላይ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ደንቡ ለላፕቶፕ የወጣ ባይሆንም ልዩነቱን ለመገመት ይበቃል። በይነመረብ ላይ በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ቁጥር አይተው የእርስዎ በአራት በአምስት ዲግሪ ቢበልጥ ማሽኑ ታሟል ማለት አይደለም።

ኮምቦልቻ ስወርድ ሙቀቱ ለምን ይጨምራል?

የክፍሉ ሙቀት 1 ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም ወደ 1 ዲግሪ ይጨምራል። ደሴ ላይ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ጌም ላይ 80 የነበረ ላፕቶፕ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ 29 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ቢሠራ 11 ዲግሪ ይጨመርበታል። አየሩ ትንሽ ወፈር ስለሚል አንድ ሁለቱ ይቀነስና 89 ወይም 90 ላይ ይውላል። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ላፕቶፕ እንዲሠራ የሚፈቅዱት እስከ 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ከቀትር በኋላ ወደዚያ ይጠጋል። ከባድ ሬንደር (ቪዲዮን ወይም ምስልን አስልቶ የማውጣት ሥራ) ካለዎት ለጠዋት ወይም ለማታ ያቆዩት።

ሳልከፍተው ችግሩ የት እንዳለ ማወቅ እችላለሁ?

ይቻላል፤ መዳፍዎ ይበቃል። ሲኒቤንች እየሄደ ሳለ መዳፍዎን ከአየር ማስወጫው አንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት ያቁሙና ቁጥሩን እያዩ ይጠብቁ።

አየሩ በኃይል እየወጣ፣ እየጋለም ሙቀቱ 85 አካባቢ ከሆነ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ይተዉት።

አየሩ የጋለ ግን ደካማ ከሆነ፣ ፋኑም እየጮኸ መዳፍዎ ላይ የሚደርሰው ትንፋሽ ያህል ብቻ ከሆነ መተላለፊያው በአቧራ ተደፍኗል። ጽዳት ያድነዋል።

አየሩ በኃይል እየወጣ ግን ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖ ቁጥሩ 97 ካለ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳብ ቱቦው እየተሻገረ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ሥራ እንደጀመረ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከ50 ወደ 95 ይዘላል፤ ሥራው ሲቆምም በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። ፔስቱ ደርቋል፣ የሂት ሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ተቀብሎ ወደ ፋኑ የሚያደርሰው ብረት) ብሎን ላልቷል ወይም የመዳብ ቱቦው ተበላሽቷል። ከሦስቱ የተለመደው ፔስቱ ነው። ፋን ብቻ የሚያጸዳ ባለሙያ ይህን አይፈታውም።

ምንም አየር ካልወጣና ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ከተቀመጠ ፋኑ ሞቷል ወይም ገመዱ ተነቅሏል። አንዳንድ ማሽን ሲነሳም «ፋን ኤረር» ብሎ ይጽፋል።

በየስንት ጊዜው ይጸዳ?

ደሴ ላይ ለንጹሕ ክፍል በዓመት አንዴ ይበቃል። አስፋልት ያልገባበት መንገድ ዳር ላለ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ጥጥና ክር በሚብንበት የፋብሪካ ቢሮ፣ ወይም ምንጣፍና የሱፍ ብርድ ልብስ በበዛበት ቤት ግን በየስድስት ወሩ እንመክራለን። የጨርቅ ብናኝ ከአፈር አቧራ ይብሳል። አፈሩ በከፊል ከአየሩ ጋር ያልፋል፤ ክሩ ግን የሂት ሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች ላይ ይጠላለፍና ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ያስቀራል።

ጽዳቱን ራሴ ልሥራ? እንዴት?

የታችኛው ክዳን በብሎን ብቻ የሚከፈት ከሆነ ትዕግሥት ያለው ሰው ይሠራዋል። ፋኑ ጋ ለመድረስ ኪቦርዱንና ቦርዱን ማንሳት የሚጠይቅ ከሆነ ለባለሙያ ይስጡት።

የሚያስፈልገው ትንሽ ፊሊፕስ ካቻቢቴ፣ አሮጌ የፕላስቲክ ካርድ፣ ወረንጦ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ስቴኪኒ ነው። ማሽኑን «ሻት ዳውን» ያድርጉ፤ ስሊፕ አይበቃም። ቻርጀሩን ይንቀሉ። ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ስለው እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ይሰኩት። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ላይ ያሰረ ሰው ቦርዱን ወይም የላይኛውን ፕላስቲክ ይበሳል። ክዳኑን በካርዱ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ያላቁት። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ይንቀሉ፤ ባትሪ እንደተሰካ የወደቀች አንዲት ብሎን ቦርድ ታቃጥላለች። በበጋ ደረቅ አየር ጋቢ ለብሶ ወይም ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መሥራት ስታቲክ (ቦርድ የሚጎዳ የልብስ ኤሌክትሪክ) ስለሚፈጥር ጋቢውን አውልቀው፣ አንድ ትልቅ ብረት ነክተው ይጀምሩ።

አሁን ፋኑን ይፍቱ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ብሎንና አንድ ቀጭን ገመድ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፦ የፋኑን ክንፎች ጠርጎ ይዘጋል። ዋናው ቆሻሻ ያለው ግን ፋኑ ከሂት ሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። ከውጭ በማስወጫው በኩል ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ፋኑ ሲነሳ ግን ከውስጥ በኩል ግራጫ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ባና ቁራጭ የተዳመጠ ነገር የክንፎቹን ፊት ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ ይገኛል። በወረንጦ ጫፉን ይዘው ሲስቡት ሳይበጣጠስ አንድ ላይ ይነሳል። ላፕቶፑን ሲያፍን የኖረው እሱ ነው። ከውጭ በብሎወር ቢነፉት ወደ ፋኑ ተገፍቶ ይገባል እንጂ አይወጣም፤ «አስነፍቼው ከሳምንት በኋላ ያው ሆነ» የሚባለው ለዚህ ነው።

የቀረውን በብሩሽ ይጥረጉ። ብሎወር ከተጠቀሙ የፋኑን ክንፍ በስቴኪኒ ያስቁሙት፤ በአየር ግፊት ከአቅሙ በላይ የተሽከረከረ ፋን መሽከርከሪያው ይጎዳና ከዚያ ወዲያ እየተንኳኳ ነው የሚሠራው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ፤ ግፊቱ ከመብዛቱ በላይ ውኃና ዘይት ይረጫል።

ፔስት መቼ ይቀየር? ምን ያህልስ ይደረግ?

ከሦስት ዓመት በላይ ያልተነካ ማሽን፣ ወይም በመዳፍ ምርመራው «ቀዝቃዛ አየር፣ ከፍተኛ ቁጥር» ያሳየ ማሽን ፔስት ይፈልጋል። ሂት ሲንኩ አንዴ ከተነሳም አሮጌው ፔስት ተመልሶ አይሠራም፤ የግድ ይቀየራል።

የሂት ሲንኩ ብሎኖች አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ሲፈቱ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ሲያስሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሂዱ፤ ያውም በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እንደ ዴስክቶፕ የብረት ቆብ የለውም፤ የሚያብረቀርቀው ሲሊከን ራሱ ነው የሚታየው። አንዱን ጥግ ብቻ አጥብቆ ያሰረ ሰው ሊሰነጥቀው ይችላል፤ በብረት የፋቀውም እንደዚያው።

አሮጌውን ፔስት ክር በማይለቅ ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ቢገኝ ይመረጣል፤ ካልተገኘ የፋርማሲው 70 በመቶ ያገለግላል፤ ውኃ ስላለበት ግን ሩብ ሰዓት ያድርቁት። ቤንዚንና ሽቶ አይሆኑም። ካቲካላም አይሆንም።

አዲሱ መጠን የምስር ፍሬ ያህል ነው፤ ሲሊከኑ ረዘም ያለ ከሆነ ሁለት ፍሬ። በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ሙሉ ፊቱን እስኪሸፍን ያዳርሱት፤ ውፍረቱ ከወረቀት አይብለጥ። የፔስት ሥራ ዓይን የማያያቸውን ክፍተቶች መሙላት ብቻ ነው። ሲወፍር ራሱ ግድግዳ ይሆናል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ላይ ለሁለቱም ቺፕ ይደረጋል። በአጠገባቸው ያሉትን ለስላሳ ተርማል ፓዶች ግን በፔስት አይተኩ፤ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚሞሉት እነሱ ናቸው። የተቀደደ ካለ በዚያው ውፍረት ይቀየር። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለውን አንመክርም፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምም ይበላል።

በሥራ ላይ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ መውረድ ተገቢ ውጤት ነው። ምንም ካልወረደ ወይም ከጨመረ ሂት ሲንኩ በትክክል አልተቀመጠም፤ ይክፈቱና የፔስቱ አሻራ ሙሉ መሆኑን ይዩ።

ገንዘብ ሳላወጣ አሁኑኑ የምቀንስበት መንገድ አለ?

አለ፤ ሁለት። አንደኛው፣ የላፕቶፑን የኋላ ጠርዝ ከጠረጴዛው ከፍ ያድርጉ። ከኋላ እግሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ቆርኪ አጣብቆ ማስቀመጥ በቂ ነው። ፋኑ አየር የሚስበው ከሥር ስለሆነ ይህ ብቻውን ጥቂት ዲግሪ ሊያወርድ ይችላል። ፋን ያለው ኩሊንግ ፓድ ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

ሁለተኛው፣ ተርቦ ቡስትን ማጥፋት ነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት፣ ከዚያ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ይለውጡ። አንድ በመቶ ብቻ ቢመስልም ፕሮሰሰሩ ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ እንዳይወጣ ይከለክለዋል፤ ሙቀቱ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዋጋው ፍጥነት ነው። ለጽሑፍና ለብሮውዘር ልዩነቱ ብዙ አይታወቅም፤ ለሬንደር ግን ይታወቃል። አንዳንድ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይህ መስመር ተደብቋል፤ በዚያ ጊዜ ፓወር ሞዱን ወደ «ቤስት ፓወር ኤፊሸንሲ» ያድርጉት።

ማታ በብርድ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ብጠቀምስ?

አልጋ ላይ መጠቀሙን አንከለክልም፤ ከሥሩ ግን ትሪ ወይም ሰፊ ጣውላ ያድርጉ። ጋቢና ብርድ ልብስ የሥሩን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ክራቸውንም ፋኑ ይስባል። ከሰል ማንደጃ ካለም ላፕቶፑን ያርቁ፤ የሚያግለው አየርና የሚበነው አመድ ሁለቱም ወደ ፋኑ ነው የሚሄዱት።

ስክሪኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ከደሴ ኮምቦልቻ ስደርስ እንደ እሳት ግሎ አገኘሁት፤ ለምን?

አዳዲስ ላፕቶፖች ስሊፕ ላይ ሳሉ ሙሉ በሙሉ አይተኙም። እንደ ስልክ ኢንተርኔት እየፈለጉ፣ አፕዴት እያደረጉ ይነቃሉ። የተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ጉዞ ላይ «ሻት ዳውን» ወይም «ሃይበርኔት» (የተከፈተውን ሥራ አስቀምጦ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት) ያድርጉ። ክዳኑ ሲዘጋ በራሱ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ «ክሎዚንግ ዘ ሊድ» በሚለው ቦታ ማስተካከል ይቻላል።

ሙቀቱ 45 ብቻ ነው፤ ማሽኑ ግን እየተንቀራፈፈ ነው።

ታስክ ማናጀር ላይ ፍጥነቱን ይዩ። ምንም ቢከፍቱ 0.4 ወይም 0.8 ጊጋ ኸርዝ ላይ ተቸንክሮ የሚቀር ከሆነ መጀመሪያ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። እንደ ዴል ያሉ ላፕቶፖች ቻርጀሩን ካላወቁት፣ ወይም 65 ዋት ለሚፈልግ ማሽን 45 ዋት ከተሰካ፣ ፕሮሰሰሩን ሆን ብለው ያዘገያሉ። ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ይሞክሩ፤ ፍጥነቱ ከተመለሰ መልሱን አገኙ። የቻርጀሩ ጫፍ መሐል ያለችው ቀጭን መርፌ ከታጠፈች ወይም ከተሰበረችም ውጤቱ ያው ነው።

ፋን የሌለው ላፕቶፕ ላይ ቁጥሩ ይለያል?

ይለያል። ማክቡክ ኤር ኤም1ና አነስተኛ ሴለሮን ያላቸው ማሽኖች ያለ ፋን ነው የሚሠሩት፤ ሙቀቱን የሚያስወጡት በአካላቸው ነው። ከባድ ሥራ ላይ ወደ 90 ቢወጡና ፍጥነት ቢቀንሱ አሠራራቸው ነው። ብረታቸውን በፕላስቲክ ከቨር አለመሸፈን ይጠቅማል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

«ስላይትሊ ዩዝድ» የሚል ማስታወቂያ ስለ ፔስቱና ስለ ፋኑ የሚነግርዎት ነገር የለም። ደሴ ፒያሳም ይግዙ ኮምቦልቻ፣ ኮር ቴምፕና ሲኒቤንችን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ማሽኑ ቀድሞ ተከፍቶ ከቆየ ይሻላል፤ ቀዝቅዞ የቆየ ላፕቶፕ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ሁሉንም ያታልላል። 10 ደቂቃ ያሂዱት። ከ90 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 95 ከነካ በአቧራ ወይም በፔስት ሊሆን ስለሚችል የጥገናውን ዋጋ ከሂሳቡ ያስቀንሱ። ከጠፋ ይተዉት። ሻጩ 10 ደቂቃ መጠበቅ ካልፈለገም ይተዉት። የጀርባውን ብሎኖች ጭንቅላትም ይዩ፤ የተበላ ብሎን ያለው ማሽን ከዚህ በፊት ተከፍቷል፤ ለምን እንደተከፈተ ይጠይቁ።

ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ሌላ ምን ይጎዳል?

ባትሪውን። ፕሮሰሰሩ 90ን ይችላል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠው ሊቲየም ባትሪ ግን 45 ዲግሪ ይበዛበታል፤ በተለይ ሞልቶ፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ሲግል ቶሎ ያረጃል። መብራት ይጠፋል ብለው ሁልጊዜ ሰክተው የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ እንዳለው በአምራቹ ፕሮግራም ወይም ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ይፈልጉ። የማውስ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተገፋ፣ ለመጫን ከደረቀ ወይም የታችኛው ክዳን ጠረጴዛ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ባትሪው አብጧል። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ማሽኑን ያጥፉ፣ ባትሪውን ሳይጫኑና ሳይበሱ ያስወጡት።